ትክል ድንጋይና የቀያሽ ምልክት
(በማኅበራችን አባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ በአሰላ ከተማ የተደረገ ንግግር)





የስብሰባው አዘጋጆች በዚህ ዓመት አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ መንገድ ሥራ ወይም ስለ ድልድይ አንድ ነገር የምናገር መስሏቸው እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ለጊዜው ከሙያችን የራቀ የሚመስል ነው። ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ ከዚሁ ከአሰላ ተነሥቼ በሶዶ ወረዳ የሚገኙትን የጢያ ትክል ድንጋዮች ለማየት ሄጄ ነበር። በዚያ ያየሁትን ልነግራችሁ፣ ወደዚያ እንድሄድ ያደረገኝንም የራሴን ጥፋት ሳልሸሽግ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ንግግሬ እየገፋ በሄደ ቁጥር፣ ነገሩ ከመሠረትና ከውኃ መውረጃ ብዙም እንዳልራቀ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአርሲ ደጋ አንድ የገጠር መንገድ ለመቀየስ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ተልኬ ነበር። ቦታውን በስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ ዛሬም በዚያው ይኖራሉና። መስመሩ ከጭላሎ ተራራ ትከሻ ተነሥቶ፣ የገብስና የስንዴ ማሳ እያቋረጠ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ ነው። ቅየሳ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በየተወሰነው ርቀት ለከፍታ ልክ መነሻ የሚሆን፣ የማይነቃነቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ቤንች ማርክ የምንለው ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን የሲሚንቶ ምሰሶ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ለመትከል ጊዜም ገንዘብም አልነበረንም። ስለዚህ ዓይኔ ያለ ማቋረጥ ጽኑ ድንጋይ ይፈልግ ነበር።

ከመስመሩ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አንድ ትክል ድንጋይ አየሁ። ቁመቱ ከሰው ትከሻ ይደርሳል፤ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ተከብቧል፤ በፊቱ ላይ ፈረሰኛና ጦር ተቀርጾበታል። መቃብር መሆኑን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት የታየኝ መቃብሩ ሳይሆን የማይነቃነቀው ድንጋይ ብቻ ነበር። ረዳቴን ቀይ ቀለም አስመጣሁና በድንጋዩ ግርጌ መስመር፣ ቀስትና ቁጥር ጻፍሁበት፤ ከፍታውንም በመዝገቤ አስገባሁ። በሥራዬም ደስ ብሎኝ አመሸሁ።

በማግስቱ ጧት አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሰብሉም ከተጠያየቅን በኋላ፣ ቀስ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በአባቴ ላይ ምን ጻፍህበት?»

«ምልክት ነው፣ አባባ፤ የመሬቱን ከፍታ የምንለካበት ነው» አልሁ።

«ይህ ሁሉ ድንጋይ ሞልቶ ለምን በእርሱ ላይ?»

«ስለማይነቃነቅ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛም እንዳይነቃነቅ ብለን ነው ያቆምነው» አሉ።

በዚያው ዕለት ነጭ ጋዝና የሽቦ ቡሩሽ ይዤ ቀለሙን ለማስለቀቅ ሞከርሁ። ድንጋዩ ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነና ቀዳዳው ስለሚበዛ ቀለሙን ጠጥቶት ነበር። ቁጥሩ ጠፋ፤ ቅላቱ ግን ቀረ። ሽማግሌው መጥተው አዩት፤ አልተቆጡም፤ ምንም ሳይናገሩ በፈረሳቸው ሄዱ። ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት አለፈ። ባለፈው በጋ ያ መንገድ ጥገና ያስፈልገዋል ተብሎ እንደ ገና እንድለካው ታዘዝሁ። የድሮውን መዝገብ ይዤ ወደዚያው ቦታ ደረስሁ። ከሌላው ምልክት ተነሥቼ የድንጋዩን ከፍታ ባነበብሁ ጊዜ፣ ከድሮው ልክ አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትሁ መስሎኝ ሌቭሉን ነቅዬ እንደ ገና ተከልሁ፤ ሁለተኛም ለካሁ፤ ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ነበር መሣሪያውን ትቼ ድንጋዩን በዓይኔ ያየሁት። ወደ ቁልቁለቱ ዘንብሏል፤ ግርጌውም ሰጥሟል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከመንገዱ ጎን የሚሄደው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ውኃውን የሚያፈሰው ከመቃብሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ያን የቦይ መውጫ በፕላኑ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ለቁፋሮ የሚቀል፣ ወጪውም የሚያንስ ቦታ ስለ ነበረ መረጥሁት። የአገሩ አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ዐሥር ክረምት ሙሉ መንገዱ የሰበሰበው ጎርፍ በድንጋዩ ሥር ሲመላለስ ኖሯል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ እንደሚባለው፣ ማንም ሳያየው ሥሩን ፈታው። ያበላሸሁት ምልክት ጥፋቴን ለክቶ ጠበቀኝ ማለት እችላለሁ።

የመጀመሪያ አሳቤ ድንጋዩን ማቃናት ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በምን እንደሚቆም ከቶ ተምሬው እንደማላውቅ ገባኝ። ስለ ኮንክሪት ምሰሶ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ብረት፣ በአፈርና በድንጋይ ብቻ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለሚቆም ነገር ግን አንድም ትምህርት አልወሰድሁም። ከዚህ የተነሣ፣ በመጽሐፍ ከማየት ይልቅ በቦታው ሄጄ፣ ያውም ዝናብ በሚዘንብበት ወራት ልመለከተው ወሰንሁ።

ለመሄድ ክረምትን መምረጤ ብዙ ወዳጆቼን አስገርሟል። በውጭ አገር እንዲህ ያለው ጉብኝት የፀሐይ ወራት ሥራ ነውና። እንደሚታወቀው፣ ቅርጻ ቅርጾችን ከአዳራሽ አውጥቶ በሣርና በዛፍ መካከል ማቆም ባለፈው ምዕተ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋ ልማድ ነው። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ያለው የቪገላንድ መናፈሻ ከ200 የሚበልጡ የነሐስ፣ የግራናይትና የብረት ሥራዎች አሉት። ከእነዚህም መካከል ከአንድ ወጥ ግራናይት የተጠረበው፣ 14 ሜትር ያህል ቁመት ያለውና 121 የሰው ምስሎች የተቀረጹበት ዓምድ ይገኛል፤ እርሱን ለመጥረብ ሦስት ጠራቢዎች 14 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። በእንግሊዝ አገርም በዮርክሻየር በ1977 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሰፊ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ አለ። ሰዎቹ በበጋቸው ልጆቻቸውን ይዘው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው በእነዚህ ቦታዎች ይውላሉ። የእነርሱ በጋ ግን ለእኛ ክረምት ነው፤ የእኛም ትክል ድንጋዮች ለመናፈሻ ተብለው የቆሙ አይደሉም። ሙታን ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን ልዩነት ይዤ ነው የሄድሁት።

ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ ወረድሁ። የከታርን ወንዝ ስሻገር ውኃው የአርሲን አፈር ተሸክሞ ቀልቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርድ ነበር። ከባቱ ወደ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራም በቡኢ በኩል ወደ ሰሜን ሄጄ ጢያ ደረስሁ። ከደጋ ተነሥቼ፣ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጬ፣ በማዶው ዳገት ላይ እንደ ገና ወደ ደጋ ወጣሁ ማለት ነው። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ካፊያውም አያቋርጥም። ከእኔ በቀር ጎብኚ አልነበረም፤ የቦታው ጠባቂ ጃንጥላውን ዘርግቶ እየመራ አስገባኝ።

ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉት ቦታ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ላይ ተሰድረው፣ ሦስቱ ደግሞ ጥቂት ራቅ ብለው ይገኛሉ። 32ቱ ቅርጽ አላቸው። በብዛት የሚታየው የሰይፍ ምስል ሲሆን፣ ክብ ቅርጾችና ቅጠል የሚመስል ምልክትም አለ። ከሁሉ የሚረዝመው ድንጋይ ሳይሰበር በፊት 5 ሜትር ያህል እንደ ነበረ ይገመታል። በሶዶ አካባቢ ከ160 የማያንሱ እንዲህ ያሉ ቦታዎች መኖራቸው ታውቋል፤ ጢያም ከእነርሱ ዋና ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የአካባቢው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የግራኝ ድንጋይ ይሏቸዋል። ነገር ግን ግራኝ አሕመድ የነበረው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ተመራማሪዎች ደግሞ የጢያን መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ያኖሯቸዋል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኵሴ በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ ስለ ትክል ድንጋዮች ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም ባካሄዱት ጥናት፣ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር መኖሩ ተረጋግጧል። ሙታኑ ተኰራምተው የተቀበሩ ሲሆኑ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ይህን ስሰማ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለሁት እኔ፣ በዚያ ከተኙት ሁሉ የምበልጥ ሽማግሌ መሆኔን አሰብሁ።

ስለ ሰይፎቹ ትርጉም ብዙ ይባላል። አንዳንዱ ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው ይላል፤ ሌላው የማዕረግ ምልክት ያደርገዋል። እኔ የምልክቶቹን ትርጉም ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እንደ አንድ መሐንዲስ የድንጋዮቹን አቋቋም ልመርምር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ቢኖር መጠኑ 0.6 ሜትር ኩብ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሜትር ኩብ 2.2 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ይህ ድንጋይ ከ13 ኩንታል ይበልጣል። አንድ ሰው 30 ኪሎ ግራም ይሸከማል ብንል ከ40 በላይ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድንጋይ ካባውን የመረጠ፣ የጠረበ፣ የጎተተ፣ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ገመድ የሳበ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለአንድ ወጣት ነው። ድንጋዩ ከቆመም በኋላ የሚያቆመው ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ፣ በዙሪያውም የተጠቀጠቀው አፈርና ጠጠር ብቻ ነው። ከላይ ያለው ክፍል ለዓይን ነው፤ ሸክሙን የሚችለው የማይታየው ነው።

ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ከድንጋዮቹ ይልቅ መሬቱን ማየት ጀመርሁ። ውኃው በሣሩ ላይ ሲሄድ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ የት እንደሚዘገይ እየተከተልሁ ቦታውን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ጠባቂው መጀመሪያ ተገርሞ፣ በኋላ ግን ገብቶት አብሮኝ ይመለከት ጀመር። «እኛም በክረምት የምንፈራው ውኃውን ነው» አለኝ። በድንጋዮቹ ፊት ላይ የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ከሰይፎቹ ጎድጓዳ መስመሮች ውስጥ ውኃ ሲንቆረቆር ቅርጹ ጠቁሮ፣ በፀሐይ ቀን ከሚታየው ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ክረምት ያሳየኝ ነገር ይህ ነው፤ የቀራጩን እጅ አጉልቶ የሚያሳየው ያው ዝናብ፣ ድንጋዩን ቀስ እያለ የሚበላውም እርሱ ነው።

ትልቅነት ብቻውን እንደማያቆም ለማስረዳት አክሱምን ማስታወስ ይበቃል። ከአክሱም ሐውልቶች ሁሉ የሚበልጠው፣ 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሐውልት፣ ዛሬ ተሰባብሮ ወድቆ ይታያል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲቆም ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ የወደቀ ነው ይላሉ፤ ወደ መሬት የገባው ሥሩ ለቁመቱ የሚመጥን አልነበረምና። 24 ሜትር ቁመት ያለውና 160 ቶን ያህል የሚመዝነው ሌላው ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወስዶ ቆይቶ፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል በአውሮፕላን ተመልሷል፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. እንደ ገና መቆሙ በክብር ተመርቋል። በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራው ሐውልት ደግሞ ለዘመናት ቆሞ ሲኖር ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ስለታወቀ፣ ዘመናዊ መሐንዲሶች በድጋፍ እንዲይዙት ግድ ሆኗል። ሦስቱም ጎን ለጎን ሲታዩ ለሙያችን ትምህርት ናቸው፤ አንዱ ሥሩ አንሶት ወደቀ፤ አንዱ ተወስዶ በብዙ ድካም ተመለሰ፤ አንዱ ቆሞ ጠባቂ ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለአርሲዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ጌዴኦ ይመስለኛል። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳገት ላይ፣ ከእንሰትና ከቡና መካከል፣ በቱቱ ፈላና በሳካሮ ሶዶ እንዲሁም በሌሎች ቦታዎች ትክል ድንጋዮች በብዛት ይገኛሉ። ስለ ሳካሮ ሶዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ድንጋዮቹ ቀድሞ ከተገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል እንደሚቀድሙና እስከ አንደኛው ምዕተ ዓመት ድረስ እንደሚደርሱ አመልክቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲመዘገብ፣ ትክል ድንጋዮቹ ብቻቸውን አልነበሩም። እርሻው፣ የተከበሩት ጫካዎች፣ ድንጋዮቹን የሚጠብቁት የአገር ሽማግሌዎች ሥርዐትም አብሮ ተቈጥሯል። ድንጋይ ያለ ሰው አይጠበቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በአርሲና በባሌ ደጋ፣ በመንገድ ዳር፣ በማሳ መካከልና በየኰረብታው ላይ የተጠረቡ የመቃብር ድንጋዮችን ያላየ ከመካከላችን የለም። አንዳንዶቹ ፈረሰኛ፣ ጦርና ጋሻ፣ ከብትም ተቀርጾባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ቀለም ተቀብተዋል። ብዙዎቹ የጢያን ወይም የአክሱምን ያህል ዕድሜ የላቸውም፤ ጠራቢውን የሚያስታውስ ሰው እንኳ በሕይወት ያለባቸው ይገኛሉ። አጥር፣ ጠባቂና የመግቢያ ትኬት የላቸውም። ከእኛ ፕላኖችም በአብዛኛው ላይ አይታዩም። ዛፍ፣ ቤት፣ የስልክ ምሰሶ በፕላን ላይ እንመዘግባለን፤ እነርሱን ግን «ድንጋይ» ብለን እናልፋለን። የእኔም ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው፤ የአንድ ሰው አባት የሆነውን «ድንጋይ» ብዬ መዘገብሁት።

ከጢያ በተመለስሁ በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በፈረስ መውጣት ትተዋል፤ እኔን ግን አልረሱኝም። የቦዩን ነገር፣ የአራት ሴንቲ ሜትሩንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ድንጋዩን ሠራተኛ አምጥቼ፣ በኮንክሪት መሠረት ላይ እንደማቃናላቸውም ቃል ገባሁ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ውኃው የእናንተ ነው፤ እርሱን ከዚህ ውሰዱልን። ድንጋዩን እኛ እናቃናዋለን።»

በአንዲት ዐረፍተ ነገር የእኔንና የእርሳቸውን ድርሻ ለዩልኝ። ጢያ ድረስ ሄጄ የፈለግሁት መልስ ግማሹ በዚያ ቤት ይጠብቀኝ ነበር።

በነሐሴ የቦዩን መውጫ ከመቃብሩ በታች ወዳለው የተፈጥሮ ፈረፈር አዛወርነው። ከመቃብሩ በላይ በኩልም ውኃውን የሚቀይስ፣ በድንጋይ የተነጠፈ አነስተኛ ቦይ ቆፈርን። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ብናደርገው ኖሮ ደግሞ ምንም ባልጠየቀ ነበር። በጥቅምት አፈሩ ሲጠነክር፣ ልጆቻቸውና የጎረቤት ሰዎች ተሰብስበው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ድንጋዩን አቃኑት። ተጠርቼ ተገኝቻለሁ። ቱንቢዬን አውጥቼ ይዤ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌው በበርጩማ ተቀምጠው በዓይናቸው እየለኩ «ወደ ቀኝ፤ ጥቂት፤ ተወው» እያሉ አስቆሙት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ቱንቢውን ባስጠጋው፣ ልዩነቱ የጣት ውፍረት አይሞላም ነበር።

ጉድጓዱን ከድሮው ጥልቅ አድርገውት ነበር። ቀይ ቀለም የቀረበት ግርጌ ከአፈር በታች ሆኗል። ይህን ሆን ብለው አድርገውት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ሁሉ የተናገርሁት የራሴን ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። በመካከላችን መንገድ የሚቀይሱ፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ የሚዘረጉ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚተክሉ፣ የድንጋይ ካባ የሚከፍቱ ባልደረቦች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ደንግጓል። ነገር ግን የትናንቱ አባት መቃብር ቅርስ ተብሎ እስኪመዘገብ ድረስ የእኛ ቦይና የእኛ ዶዘር አይጠብቁትም። ስለዚህ በበኩሌ ለማኅበራችን አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በምንቀይሰው መስመር ግራና ቀኝ የሚገኝ ትክል ድንጋይና የተከበበ መቃብር ሁሉ፣ እንደ ቤትና እንደ ዛፍ፣ በፕላናችን ላይ ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ።

ሁለተኛ፤ ችካል ከመትከላችን በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች እንጠይቅ። ይህ ሥራውን የሚያዘገየው ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው።

ሦስተኛ፤ የማንኛውም ቦይና ቱቦ መውጫ ከእነዚህ ቦታዎች በላይ አይሁን። ለቁፋሮ የሚቀለው ቦታ ሁልጊዜ ርካሹ ቦታ አይደለም።

አራተኛ፤ ለከፍታ ምልክት ሰው ያቆመውን ድንጋይ አንጠቀም። ሲሚንቶ ተሸክመን የራሳችንን ምሰሶ እንትከል።

እነዚህ አራት ነገሮች አዲስ መሥሪያ ቤትም፣ ልዩ በጀትም አይፈልጉም። የሚፈልጉት የቀያሹን ዓይን ነው። እኔ ይህን ለመማር ዐሥር ዓመትና አራት ሴንቲ ሜትር አስፈልጎኛል፤ አዲስ ለሚመረቁት ወጣት ባልደረቦቻችን ያን ያህል እንዳይረዝምባቸው በማለት ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት።